ከካርቶን ያልወጣው መኮሮኒ

ቨርላ ኩቼራ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ለሁለት መቶ ያህል ሕፃናት ውሸት በጭልፋ እየጨለፈች ስታበላ ኖራለች። እሁድ እሁድ ደግሞ ነጭ ሸሚዟን ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ትሄድና ከሰው ሁሉ ድምጿን አስበልጣ ትዘምራለች። ጸጸት የሚባል ነገር በደጇ አላለፈም። እንዲያውም አንዳንዴ መኪና ስትነዳ ነገሩ ትዝ ይላትና ብቻዋን ትስቃለች።

ዶርሰን ትንሽ ከተማ ናት፤ ትምህርት ቤቱም አንድ ነው። ስለዚህ አባትም ልጅም ትሪ ይዘው የተሰለፉት ቨርላ ምሳ በምታድልበት በዚያው የወጥ ቤት መስኮት ላይ ነው። አጭር ናት፣ ክንዷ የእንጨት ፈላጭ ክንድ ነው፣ ምላሷ ደግሞ ከቢላዋ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። "ጨምሪልኝ" ላለ ልጅ ትጨምራለች፤ "አልወድም" ላለ ልጅ ደግሞ "እኔም አንተን አልወድህም፣ ግን ይኸው እያበላሁህ ነው" ትለዋለች። ልጆቹ ይስቃሉ። አንዳንዱም ይበላል።

እሷ ያደገችው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ እርሻ ላይ ነው። እናቷ ከሱቅ የምትገዛው ጨው፣ ስኳርና ቡና ብቻ ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ዳቦው ጥቁርና ከባድ፣ የሚቀባው የዝይ ስብ፣ ሥጋው ጓሮ ውስጥ በጢስ የደረቀ ነው። ዛሬ እንዲህ ያለ ምሳ የሚሸጥ ምግብ ቤት ትልቁ ከተማ ኦማሃ ውስጥ ቢከፈት፣ ሰው ወንበር ለመያዝ ከሳምንት በፊት ስልክ ይደውላል። በ1952 ግን የስምንት ዓመቷ ቨርላ የምሳ ዕቃዋን ክዳን እንደ አጥር አቁማ፣ ከኋላው ተደብቃ ነበር የምትበላው። የከተማ ልጆች ምሳ የሱቅ ነጭ ዳቦ ነዋ! በማሽን የተቆረጠ፣ እንደ ትራስ የሚለሰልስ፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ። አንድ ቀን የዝይ ሥጋ ያለባቸውን ሁለት ወፋፍራም ቁራጮቿን በአንዲት ስስ ነጭ ቁራጭ ለወጠች። ያቺኛዋ ልጅ "ሸወድኳት" ብላ ሳቀች፤ ቨርላም "ሸወድኳት" ብላ ሳቀች። ነጩ ዳቦ አፏ ውስጥ ሟሙቶ ሲጠፋ ምንም ጣዕም እንደሌለው ገብቷታል፤ ቢሆንም እስከ ማታ ስትንጎራደድ ዋለች። እናቷ "ምሳሽን በላሽ?" ስትላት "ሙልጭ አድርጌ!" አለቻት።

በ1971 የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ስትቀጠር ሥራው ማብሰል ነበር። ዛሬ ይኼ ሲወራ ቀልድ ይመስላል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሊጥ ይቦካል፣ ዶሮ ይቀቀላል፣ ፓስታው በእንቁላል ታሽቶ ጠረጴዛ ላይ በቢላዋ ይቆረጣል። ሐሙስ ሐሙስ በተፈጨ ሥጋና በቀይ ባቄላ የሚሠራው ችሊ፣ ከጎኑ በቀረፋና በስኳር ከተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ ጋር ይቀርባል። ዳቦውን ወጡ ውስጥ ነክሮ መብላት ነው። ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ አስተማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ሐሙስ ፊቱን ያጨማድዳል፣ በሁለተኛው ሐሙስ ሁለት ዳቦ ይጠይቃል።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ነገር ቨርላ ይኼ ቀን ነው ብላ መለየት አትችልም። እናቶች በሥጋ ፋብሪካውና በሆስፒታሉ ሥራ ያዙ። በየቤቱ ትልቅ ማቀዝቀዣ ገባ፣ ቀጥሎ ማይክሮዌቭ ገባ፣ እራት የሚባለውም ፎቶው ከላይ የታተመበት ካርቶን ሆነ። ልጆቹ ምግብን በፎቶው መለየት ጀመሩ። ከችሊው ሐሙስ በቀር ወደ ቨርላ የሚመለሰው ትሪ በየዓመቱ እየከበደ መጣ።

በ1985 ጥቅምት ላይ አንዲት የአንደኛ ክፍል ልጅ ትሪዋን ይዛ መስኮቱ ላይ ቆመችና በእጅ የተቆረጠውን ፓስታ አተኩራ አየችው።

"ሚስስ ኩቼራ፣ ይኼ ከየትኛው ካርቶን ነው የወጣው?"

"ከካርቶን አልወጣም የኔ ቆንጆ። እኔ ነኝ የሠራሁት።"

"በምን?"

"በእጄ ነዋ!"

ልጅቷ የቨርላን እጅ አየች፣ ምግቡን አየች፣ እንደገና እጇን አየች። ከዚያ በጣም በትሕትና "አይ፣ ይቅርብኝ፣ አመሰግናለሁ" ብላ ትሪውን መለሰችላት።

ቨርላ ደሟ ፈላ። "እጄን እኮ ነው የተጸየፈችው!" አለቻት ዶኔታን። ዶኔታ ትሪ አጣቢዋና የሚስጥር ጓደኛዋ ናት፤ ከእንፋሎቱ ውስጥ ብቅ የምትለው ነገር ለመስማት ብቻ ነው።

"ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ? ካርቶን ውስጥ ገብተሽ ውጪላት!" አለች ዶኔታ።

በሚቀጥለው ሰኞ ትልቁ ምድጃ ተበላሸና ርእሰ መምህሩ "ወርቃማ ማንኪያ" የሚባል የመኮሮኒና የቺዝ ካርቶን በጭነት መኪና አስመጣ። ውሃ ማፍላት፣ መኮሮኒውን መጨመር፣ ብርቱካናማውን ዱቄት መነስነስ፣ በቃ። ቨርላ ቀመሰችውና ማንኪያውን ወረወረችው። "ሙጫ ነው! የግድግዳ ወረቀት ልለጥፍበት እችላለሁ!" ልጆቹ ግን ትሪውን በጣታቸው ጠረጉት። በሁለተኛው ቀንም ጠረጉት። በሦስተኛው ቀን ምድጃው ተጠገነ።

ቨርላ ያን ዕለት ባዶዎቹን ካርቶኖች ልትጥል አንስታ መልሳ አስቀመጠቻቸው። ዶኔታን አየቻት። ዶኔታም አየቻት።

"ቨርላ፣ አታደርጊውም።"

"ለምን አላደርገውም? ካርቶን ውስጥ ግቢ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፎቶ ያለባቸው ስድስት የወርቃማ ማንኪያ ካርቶኖች ልጆቹ በሚያዩት መደርደሪያ ላይ ተደረደሩ፤ ውስጣቸው አየር ብቻ ነው። በድስቱ ውስጥ ያለው ደግሞ መንግሥት ለትምህርት ቤቶች ከሚያድለው ጡብ የሚያህል ቺዝ፣ ከወተት፣ ከትንሽ ሰናፍጭ፣ ከተቀቀለና ልሞ ከተፈጨ ካሮትና ዱባ የተሠራ ነው። ካሮቱና ዱባው ለጤና ብቻ አልገቡም፤ ያለ እነሱ ያ የፋብሪካ ብርቱካናማ ቀለም አይመጣም።

ችግሩ ጣዕሙ አልነበረም፣ መልኩ ነበር። የሰው እጅ የሠራው ነገር አንዱ ሰፋ፣ አንዱ ጠበብ ይላል፤ ልጆቹም ይነቁበታል። ስለዚህ ቨርላ ዓሣውን በማስመሪያ እየለካች በአራት ማዕዘን ቆረጠች። የዶሮ ሥጋውን ፈጭታ፣ አትክልት ደባልቃ፣ በቆርቆሮ ክዳን እየተጫነች ልክ እንደ ፋብሪካው አራት ዓይነት ቅርጽ አወጣችለት። ለማብሰል አንድ ሰዓት፣ በእጅ ያልተሠራ ለማስመሰል ሁለት ሰዓት ይፈጅባታል። ወደ ቤት የሚላከው የወሩ የምሳ ዝርዝርም "ወርቃማ ማንኪያ መኮሮኒ" ይላል። በጥር ወር የሚመለሱት ትሪዎች ባዶ ሆኑ። ቨርላ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

በ1988 ወርቃማ ማንኪያ የሚባለው ፋብሪካ ተዘጋ። በዶርሰን ይህን ያወቁት ቨርላና ዶኔታ ብቻ ናቸው። ቨርላ ምን ቸገራት! ካርቶኖቹ ሲቀደዱ በፕላስተር ትለጥፋቸዋለች፣ አቧራቸውን ትጠርጋለች፣ ፎቶው ሲደበዝዝ በልጆች ከለር ታቀልመዋለች።

በ2013 መስከረም ላይ ብሪያና የምትባል የሥነ ምግብ ባለሙያ ከሊንከን ከተማ መጣች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሰው አክባሪ ናት፣ ከዶርሰን ልጆች ምሳ ውስጥ የፋብሪካ ምግብን ነቅላ ለመጣል ቆርጣለች። ወጥ ቤቱ ውስጥ ገብታ መጀመሪያ ያየችው ያንን መደርደሪያ ነው።

"ሚስስ ኩቼራ፣ እርስዎን አልወቅስም። ያኔ ዘመኑ እንደዚያ ነበር፤ ሁሉም ካርቶን ከፋች ነበር።"

"እኔ ካርቶን ከፋች አይደለሁም፤ አብሳይ ነኝ። እነዚያ ባዶ ናቸው።"

"አዎ፣ ባዶ ናቸው፣ ምክንያቱም ከፍተዋቸዋል" አለች ብሪያና፣ በሐዘኔታ ክንዷን ዳበስ እያደረገቻት። "አሁን ግን ይረፉ። ምግብን ከጥሬው ጀምሮ መሥራት የሚያውቅ ሰው እንቀጥራለን። ለእርስዎም ቆንጆ የምስጋና ሰሌዳ እናዘጋጃለን።"

ቨርላ ስድሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጡረታ መውጣቱ አላስፈራትም፤ ጉልበቷንም ማመም ከጀመራት ቆይቷል። ያንገበገባት ሌላ ነው። በዚያች ከተማ ላይ "ካርቶን ትከፍት የነበረችው ቨርላ" ተብላ ልትቀር ነው። አርባ ሁለት ዓመት አብስላ፣ አብሳይ ሳትባል።

ብሪያና ይህን ለመወሰን ከተጠራው የትምህርት ቤቱ ቦርድ ስብሰባ በፊት የራሷን መኮሮኒ ለአንድ ሳምንት አስሞከረች። ሶሱ ካሮትና ዱባ ተፈጭቶ የገባበት ነው። ቨርላ ይህን ስትሰማ የሳቀችው ሳቅ ዶኔታን ከትሪ ማጠቢያው ድረስ አስሮጣት። ብሪያና ግን የምትደብቀው ነገር የለም፤ መስኮቱ ላይ የሚስቅ ካሮትና የሚጨፍር ዱባ የተሳሉበት ትልቅ ወረቀት ለጠፈች። ልጆቹ ካሮቱን አዩት፣ ዱባውን አዩት፣ ትሪውን እንዳለ መለሱት።

"ካርቶኖቹን መልሰሽ አስቀምጪያቸው" አለቻት ቨርላ። "ነገ ይበሉልሻል።"

"እኛ ሕፃናትን አንዋሽም!"

"እሺ የኔ ልጅ። እነሱም አይበሉም።"

ስብሰባው ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ በምሳ አዳራሹ ተደረገ። ወላጆች የልጆች ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን እየነካ ተቀምጠዋል። ብሪያና ከተናገረች በኋላ የትራክተር ጠጋኙ ትራቪስ ተነሣ፤ ሠላሳ ዓመቱ ነው፣ ልጁ ዘንድሮ ነው ትምህርት የጀመረችው።

"ለመሆኑ ወርቃማ ማንኪያ ምን በደለ?" አለ። "እኔ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ አሥራ ሁለተኛ በልቼዋለሁ፣ ምንም አልሆንኩም። እንዲያውም ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ጀምሮ በየሱቁ እየፈለግኩት ነው። አንዱም ሱቅ የለውም። ለኩባንያው ደብዳቤ ብጽፍ ደብዳቤው ተመለሰ። ልጄም እንደኔ እሱን ትብላ!"

ሌሎችም "እውነቱን ነው! እኛም አጥተነዋል!" እያሉ አጉረመረሙ። ብሪያና ላፕቶፗን ከፍታ ስትፈልግ ቆየችና ቅንድቧ ወደ ላይ ወጣ።

"ይቅርታ፣ ትምህርት ቤት የገባኸው መቼ ነው?"

"በ1989።"

"ይኼ ኩባንያ የተዘጋው በ1988 ነው።"

አንድ በአንድ ሁሉም ዞሮ ቨርላን አያት። ከትሪ ማጠቢያው መስኮት ዶኔታ ራሷን አወጣችና "በቃ ንገሪያቸው እንጂ፣ እኔ በዚህ ልሞት ነው!" ብላ ጮኸች።

ቨርላ ተነሣች። ሽርጧን አስተካከለች። ቺዙን፣ ወተቱን፣ ሰናፍጩን፣ ካሮቱን፣ ማስመሪያውን፣ የቆርቆሮ ክዳኑን፣ የልጆች ከለሩን ሁሉ ዘርዝራ ነገረቻቸው። "ካርቶን አልከፈትኩም" አለች በመጨረሻ። "አንድም ቀን። ሁሉንም ያበሰልኩት እኔ ነኝ።"

መጀመሪያ አፉን የፈታው ትራቪስ ነው። "ቆይ... ካሮት አለበት ነው የሚሉኝ?"

"ዱባም አለበት።"

"ሚስስ ኩቼራ! እኔ ለሚስቴ ካሮት የሚባል ነገር በሕይወቴ ቀምሼ አላውቅም ብዬ ምዬላታለሁ!"

"በየሳምንቱ ግማሽ ኪሎ ስትውጥ ነው ያደግኸው። ያ ቁመት ከየት መጣ ብለህ ነው?"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ብሪያና ፊቷ ቲማቲም መሰለ፤ ግን ልጅቷ ልበ ደግ ናት፣ ሳቁ ሲበርድ ወደ ቨርላ መጥታ "አሠራሩን ይሰጡኛል?" አለቻት። ቨርላም "ካንቺው ጋር አንድ ነው፤ እኔ ካርቶን አቆምኩለት፣ አንቺ ደግሞ የሚጨፍር ዱባ ለጠፍሽበት" አለቻት። የቦርዱ ሊቀ መንበር ያን ጊዜውኑ እጅ አስወጣ። ቨርላ አዲሶቹን አብሳዮች እያሠለጠነች እስከፈለገችው ድረስ ትቆያለች፤ የሚመጣው ወር የምሳ ዝርዝርም "የቨርላ ኩቼራ መኮሮኒ" ብሎ እንዲታተም ተወሰነ። ቨርላ ይህን ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

እጇን ያላወጣች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። የትራቪስ እናት ሉአን ናት፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሠላሳ ዓመት ከቨርላ ጎን የተቀመጠች። ቀስ ብላ ተነሣች።

"ቨርላ፣ እኔ ሆስፒታል ሁለት ፈረቃ ሠርቼ እየገባሁ ለዚህ ልጅ መኮሮኒ እሠራለሁ። አንድ ማንኪያ ይቀምስና 'የትምህርት ቤቱ ይሻላል' ይለኛል። በየሳምንቱ ሌላ ዓይነት እገዛለሁ፤ 'የትምህርት ቤቱ ይሻላል።' ኦማሃ ድረስ እየነዳሁ ፈልጌያለሁ። አንቺን ጠይቄሻለሁ! እዚያው አጠገቤ ተቀምጠሽ 'ለትምህርት ቤት ብቻ ነው የሚሸጡት' አልሽኝ። እኔ ከካርቶን የማንስ እናት ነኝ ብዬ አለቀስኩ። በካርቶን ነው የበለጥሽኝ፣ እሱም ባዶ!"

ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ቨርላ በዚያ ሁሉ ዓመት ስለ ልጆቹ አፍና ስለ ራሷ እጅ እንጂ፣ ማታ ማታ እየተነጻጸሩ ስለሚሸነፉት እናቶች አንድም ቀን አስባ አታውቅም። የገዛ እናቷን ዳቦ ከክዳን ኋላ የደበቀች ልጅ ይህን ማወቅ ነበረባት፤ አፈረች።

ሉአን ሦስት እሁድ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቨርላ ሦስቱንም እሁድ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ዘመረች፤ ሰባኪው ሳይቀር ታመምሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። በአራተኛው ሳምንት ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ቺዝ፣ ካሮትና ዱባ በዘንቢል ይዛ የሉአንን በር አንኳኳች።

"ምን ፈለግሽ?" አለች ሉአን።

"ወጥ ቤትሽን። አንቺ ትሠሪያለሽ፣ እኔ እነግርሻለሁ።"

"አልፈልግም።"

"ትራቪስን ከነልጁ ለምሳ ጠርቼዋለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል።"

"በኔ ቤት?!"

"በማን ቤት ልጥራው ታዲያ?"

ሉአን እያጉረመረመች ሽርጥ አሰረች። ቨርላ ወንበር ላይ ተቀምጣ እጇን ከጭኗ በታች ቀበረችው፤ ካልቀበረችው ወደ ድስቱ ይሮጥባታል። ሉአን ካሮቱን ፈጨች፣ ቺዙን አቀለጠች፣ ጨውን ግን ሐኪም ከልክሏታልና ፈርታ ቆነጠር አደረገች። ስትቀምሰው ፊቷ ወደቀ። "አየሽ? አልሆነም። የኔ እጅ አይሆንም።" ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳና ልትከፍት ሄደች።

ቨርላ ለዕድሜዋ በማይመጥን ፍጥነት ከወንበሯ ተነሣች። ጨው፣ ማንኪያ ሙሉ ሰናፍጭ፣ አንድ እፍኝ ቺዝ፤ ሦስት ጊዜ አማሰለችና ተመልሳ እጇን ቀበረች። ሉአን ልጇንና የልጅ ልጇን ይዛ ስትገባ የጨው ዕቃው ከቦታው ርቆ ምድጃው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። አየችው። ቨርላንም አየቻት። ሳህን አወረደች።

ትራቪስ አንድ ማንኪያ ጎረሰ። ማኘኩን አቆመ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ማኘኩን ቀጠለ።

"ይኼ ነው" አለ። "በእግዚአብሔር ስም፣ ልክ ይኼ ነው! ሚስስ ኩቼራ፣ እርስዎ እኮ—"

"እኔ?" አለች ቨርላ። "እኔ ምን ቆርጦኝ! ጠዋት ከመጣሁ ጀምሮ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳማ ነው የዋልኩት። እጄን እንኳ አልነከርኩበትም። የእናትህ ሥራ ነው።"

ትራቪስ ወደ እናቱ ዞረ። ከልጅነቱ ጀምሮ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ቃል አሁን መጣለት።

"እማዬ፣ ጨምሪልኝ" አለና ሳህኑን ዘረጋላት።

ሉአን ጭልፋውን አነሣች።